ስለ ቼሮኪ ሕዝብና አሜሪካ ወደ ምዕራብ ስለ መስፋቷ

የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ዛሬ ከባሕር እስከ ባሕር የተዘረጋ ሰፊ አገር ነው። በምሥራቅ የአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በምዕራብም የፓሲፊክ ውቅያኖስ ያዋስነዋል። በመጀመሪያ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1776 ዓመት (በዚህ ንባብ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ ንጉሥ አገዛዝ ወጥተናል ያሉት 13 ግዛቶች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በምሥራቁ ባሕር ዳር ዳር የተደረደሩ ነበሩ። ከበስተ ኋላቸው አፓላቺያን የሚባል ረጅም ተራራ ቆሞ ነበር፤ ከተራራው ማዶ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበረ፤ ከደኑም ማዶ ሚሲሲፒ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ይፈስ ነበር። ጦርነቱ አልቆ በ1783 የዕርቅ ውል በተጻፈ ጊዜ የአዲሱ መንግሥት ወሰን እስከዚህ ወንዝ ድረስ እንዲሆን ተስማሙ።

ነገር ግን ያ ምድር ባዶ አልነበረም። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ብዙ ሕዝቦች ሰፍረውበት ነበር። እነዚህን ሕዝቦች አውሮፓውያን «ሕንዶች» ብለው ጠሯቸው፤ ይህም ስም የወጣው በስሕተት ነው። ክርስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 በመርከብ ወደ ምዕራብ ሄዶ ሕንድ አገር የደረሰ ስለ መሰለው፣ ያገኛቸውን ሰዎች ሕንዶች አላቸው። ሰዎቹ ግን አንድ ሕዝብ አልነበሩም፤ ቋንቋቸውም፣ ልማዳቸውም፣ አለቆቻቸውም ልዩ ልዩ ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ የቼሮኪ ሕዝብ ነው። አገሩም ከአፓላቺያን ተራራ በስተ ደቡብ ነበረ፤ ነጮች ካወጡት ወሰን ደግሞ በጆርጂያ፣ በቴኔሲ፣ በአላባማና በሰሜን ካሮላይና ውስጥ ይደርስ ነበር።

አዲሱ መንግሥት በፍጥነት ሰፋ። በ1803 ቶማስ ጀፈርሰን የሚባለው ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ሉዊዚያና የሚባለውን እጅግ ሰፊ ምድር ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ናፖሊዮን ለጦርነት ገንዘብ ይሻ ነበርና ሸጠው። በዚህ ግዢ ምክንያት የአገሩ ስፋት እጥፍ ያህል ሆነ። ገዢው በዋሽንግተን ተቀምጦ፣ ሻጩም በፓሪስ ተቀምጦ ዋጋ ሲቈራረጡ፣ በዚያ ምድር ተወልደው በዚያ ምድር የሚያርሱትንና የሚያድኑትን ሰዎች ግን ማንም አልጠየቃቸውም። በሚከተለው ዓመት ሉዊስና ክላርክ የሚባሉ ሁለት የጦር መኰንኖች አገሩን እንዲመረምሩ ተላኩ። እነርሱም በ1805 ዓመት በኅዳር ወር ከፓሲፊክ ባሕር ደርሰው በ1806 ተመለሱ። በመንገዳቸውም ከሾሾኒ ሕዝብ የተወለደች ሳካጋዊያ የምትባል ወጣት ሴት ሕፃን ልጇን በጀርባዋ አዝላ አብራ ተጓዘች፤ ቋንቋም አስተረጐመችላቸው።

ከዚያ በኋላ ከምሥራቅ የሚመጣው ሰው በዛ። ድሃው ገበሬ ምሳሩን፣ ዘሩንና ቤተሰቡን በጋሪ ጭኖ ተራራውን ይሻገር፣ ደኑን ይመነጥር፣ ከግንድም ጎጆ ይሠራ ነበር። በ1790 የአገሩ ሕዝብ ሲቈጠር 4 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር፤ በ1830 ግን ወደ 13 ሚሊዮን ተጠጋ። በ1825 ኢሪ የሚባለው ቦይ ተቈፍሮ አለቀ፤ ርዝመቱ 584 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ የሃድሰንን ወንዝ ከኢሪ ሐይቅ ጋር ስላገናኘ እህልና ዕቃ በጀልባ በቀላሉ ተመላለሰበት። ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ኢሊኖይ፣ አላባማና ሌሎችም አዲስ ግዛቶች ሆነው እየተራ በተራ ተጨመሩ።

በደቡብ በኩል ያለው መስፋት ግን ሌላ መልክ ነበረው። በ1793 ኤሊ ዊትኒ የሚባል ሰው ጥጥን ከፍሬው የሚለይ መዳመጫ መኪና ስለ ሠራ፣ ጥጥ መዝራት እጅግ የሚያተርፍ ሥራ ሆነ። ጥጥ ለመዝራት አዲስ ምድር ያስፈልግ ነበር፤ ምድሩንም የሚያርሱት ከአፍሪካ በግድ የመጡና ልጆቻቸው የሆኑ ባሮች ነበሩ። ስለዚህ ጥጡ ወደ ምዕራብ በሄደ ቍጥር ባርነትም አብሮ ሄደ። በጆርጂያና በአላባማ የሚገኘው የሕንዶች ምድር ለጥጥ የተመቸ መሆኑን ነጮቹ ባዩ ጊዜ ዐይናቸውን ጣሉበት።

በዚያው ዘመን በመንግሥቱ አሠራር ታላቅ ለውጥ ይደረግ ነበር። ቀድሞ በብዙዎቹ ግዛቶች በምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ርስት ወይም የተወሰነ ሀብት ያለው ሰው ብቻ ነበር። በምዕራብ የተቋቋሙት አዲስ ግዛቶች ግን በአብዛኛው ይህን አልጠየቁም፤ የቀድሞዎቹም ግዛቶች አንድ በአንድ ሕጋቸውን ለወጡ። በ1824 ከነበሩት 24 ግዛቶች በ6ቱ የፕሬዚዳንቱን መራጮች የሚሰይሙት የግዛቱ ምክር ቤቶች እንጂ ሕዝቡ አልነበረም፤ በ1828 ግን እንዲህ የቀሩት ግዛቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። ጫማ ሰፊውና ድሃው ገበሬ፣ አገሩን ማን ይግዛ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከባለጠጋው ጋር እኩል የሚቈጠር ድምፅ አገኘ። ይህ በውነት ታላቅ ነገር ነው።

ዳሩ ግን ድምፅ ያገኘው ነጩ ወንድ ነበር። በኒው ጀርሲ ግዛት ሀብት ያላቸው ሴቶች ቀድሞ ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ በ1807 ይህ ተከለከለ። በኒው ዮርክ በ1821 ለነጩ የሀብት ግዴታ ሲቀልለት፣ ለጥቁሩ ግን የ250 ዶላር ርስት ይኑርህ የሚል ሕግ ቀረበት። በፔንሲልቬንያ በ1838 ነጻ የሆኑት ጥቁሮች ሁሉ ከምርጫ ተከለከሉ። እንግዲህ በሩ ለአንዱ ሲከፈት በሌላው ላይ ይዘጋ ነበር።

ከዚህ ለውጥ የተነሣ ወደ ሥልጣን የመጣው አንድሩ ጃክሰን ነው። በ1767 ከድሆች ተወለደ፤ አባቱም ሳይወለድ ሞተ። ገና በ13ኛው ዓመቱ በጦርነት በእንግሊዞች ተማርኮ፣ አንድ መኰንን ጫማዬን ጥረግ ቢለው እንቢ ስላለ በሰይፍ አቈሰለው ይባላል። እናቱም በዚያው ጦርነት ዘመን ሞተችበት። እንዲህ ያለው ወላጅ አልባ ልጅ አድጎ የሕግ አዋቂ፣ ዳኛና የጦር አለቃ ሆነ፤ በ1815 በኒው ኦርሊንስ ከተማ አጠገብ እንግሊዞችን ድል ስለ ነሣ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተጠራ። ብዙ ባሮችም ነበሩት። በ1824 ለፕሬዚዳንትነት ከተወዳደሩት ከአራቱ ሰዎች ብዙ ድምፅ ያገኘው እርሱ ነበር፤ ነገር ግን ከእኩሌታ የሚበልጥ ስላላገኘ ምክር ቤቱ ሌላውን ሰው፣ ጆን ኵዊንሲ አዳምስን መረጠ። በ1828 ግን ጃክሰን በግልጽ አሸነፈ። በ1829 መጋቢት ወር በተሾመ ቀን ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባ፤ በጭቃ ጫማቸው ከወንበሩ ላይ ቆሙ፤ ብርጭቆና ሸክላ ተሰበረ። ጃክሰንም ከግፊያው አምልጦ በጭንቅ ወጣ።

ጃክሰን የቼሮኪን ሰዎች በሩቅ የሚያውቃቸው አልነበረም። በ1814 በሆርስሹ ቤንድ በተባለው ቦታ ከክሪክ ሕዝብ አንዱ ወገን ጋር ሲዋጋ፣ ብዙ መቶ የቼሮኪ ወታደሮች ከእርሱ ጋር ተሰልፈው ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወንዙን በዋና ተሻግረው የጠላትን ታንኳ አመጡ፤ በዚያም ታንኳ ተሻግረው ጠላትን ከበስተ ኋላ ወጉት። ለድሉ ትልቅ እርዳታ የሆነው ይህ ነበር።

አሁን ወደዚህ ሕዝብ ኑሮ እንመለስ። በዚያ ጊዜ ነጮች «ሕንዶች እንደ እኛ አርሰው፣ ተምረው፣ በሕግም ተዳድረው ቢኖሩ ጐረቤቶቻችን ይሆናሉ» ይሉ ነበር። ቼሮኪዎችም ይህን አደረጉ። በቈሎና ጥጥ ዘሩ፤ ከብት አረቡ፤ ፈትል ፈተሉ፤ ወፍጮና መንገድ ሠሩ፤ ልጆቻቸውንም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰደዱ። ከባለጠጎቻቸውም አንዳንዶቹ፣ ክፉውንም ነገር ከነጮቹ ተምረው፣ ጥቁር ባሮችን ገዝተው ያሠሩ ነበር፤ በ1835 በተደረገው ቈጠራ በአገራቸው ከ1,500 የሚበልጡ ባሮች ተገኙ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የሴኮያ ሥራ ነው። ሴኮያ በ1770 ዓመት ገደማ የተወለደ አንጥረኛ ነበር፤ ብር እያቀለጠ ጌጥ ይሠራ ነበር። አንድ እግሩ ያነክስ ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ነጮች በወረቀት ላይ ምልክት እያደረጉ ቃላቸውን ሩቅ ላለ ሰው እንደሚልኩ አይቶ፣ ይህ ነገር ለቼሮኪ ቋንቋ ለምን አይሆንም ብሎ ዐሰበ። ጓደኞቹ ሣቁበት። እርሱ ግን በ1809 ገደማ ሥራውን ጀመረ።

በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምልክት ሊያወጣ ሞከረ። ነገር ግን ቃል ማለቂያ የለውም፤ ምልክቱ ሺህ ከሆነ በኋላ ማን ሊያስታውሰው ይችላል? እርሻውን ትቶ በዚህ ነገር ስለ ተጠመደ፣ ሚስቱ ተቈጥታ የጻፈውን ሁሉ በእሳት አቃጠለችበት ተብሎ ይነገራል። እርሱ ግን እንደገና ጀመረ። በኋላ ጆሮውን አቅንቶ የሰውን ንግግር ሲያዳምጥ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም ቃሉ እጅግ ብዙ ቢሆንም ቃሉ የሚሠራባቸው ድምፆች ጥቂቶች መሆናቸውን ነው። «ሰላም» የሚለው ቃል ሰ፣ ላ፣ ም ተብሎ በሦስት ፊደል እንደሚጻፍ፣ ሴኮያም የሕዝቡን ቃላት በየድምፃቸው ከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱም ድምፅ አንድ ፊደል አወጣ። በመጨረሻው 86 ፊደል ሆነ፤ በኋላም አንዱ ተቀንሶ 85 ቀረ። በግዕዝ ፊደል ሀ፣ ሁ፣ ሂ በመልክ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ፤ የሴኮያ ፊደሎች ግን አይመሳሰሉም፤ ተማሪው እያንዳንዱን ለብቻው መያዝ አለበት። እንዲህም ሆኖ ቋንቋው የአፉ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንት ማንበብ ይችል ነበር።

ሴኮያ ፊደሉን በመጀመሪያ ያስተማረው ትንሽ ልጁን አዮካን ነው። በ1821 በሽማግሌዎች ፊት በቀረበ ጊዜ፣ አባትና ልጅ ተለያይተው ቆሙ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ለአንዱ የነገሩትን ቃል እርሱ ጻፈው፤ ወረቀቱ ወደ ሌላው ተወሰደ፤ ሌላውም ምንም ሳይሰማ ያንኑ ቃል አነበበው። ያን ጊዜ የሣቁበት ሰዎች ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ፊደሉ በየመንደሩ ተሠራጨ፤ ሰው በዛፍ ቅርፊትና በግድግዳ ላይ ሳይቀር ይለማመደው ጀመር። በዓለም ታሪክ አስቀድሞ ማንበብ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ለሕዝቡ የተሟላ ጽሕፈት ማውጣቱ እጅግ ጥቂት ጊዜ የታየ ነገር ነው።

በ1827 ቼሮኪዎች ሕገ መንግሥታቸውን ጻፉ፤ አለቃ፣ ሸንጎና ፍርድ ቤትም አቆሙ። መዲናቸው ኒው ኢኮታ ትባል ነበር። በቦስተን ከተማ የሴኮያ ፊደል በብረት ተቀርጾ መጣላቸው፤ በየካቲት 1828 «ቼሮኪ ፊኒክስ» የሚባል ጋዜጣ በቼሮኪና በእንግሊዝኛ ቋንቋ መታተም ጀመረ። አዘጋጁ ኢላያስ ቡዲኖት የሚባል የተማረ የቼሮኪ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ጆን ሮስ ዋና አለቃ ሆኖ ተመረጠ። እንግዲህ ጐረቤቶቻቸው ከእነርሱ የጠየቁት ነገር ሁሉ ተፈጸመ።

ጆርጂያ ግን ደስ አላለውም። ጆርጂያ በ1802 ከምዕራብ ያለውን ሰፊ ምድሩን ለመንግሥቱ ሲያስረክብ፣ የሕንዶቹን ምድር በሰላም ገዝተን እንሰጥሃለን የሚል ቃል ተቀብሎ ነበር። ይህን ውል ሲዋዋሉ ባለርስቶቹ አልነበሩበትም። ቼሮኪዎች ሕገ መንግሥት ጽፈው በርስታቸው ሲጸኑ ባየ ጊዜ ጆርጂያ ተቈጣ። በዚህ ላይ በምድራቸው ውስጥ ወርቅ ተገኘ፤ በ1829 ወርቅ ፈላጊዎች በብዙ ሺህ ሆነው ገቡ። ጆርጂያም በቼሮኪ አገር ላይ ሕጌ ይሠራል ብሎ ዐወጀ፤ ሸንጎአቸው እንዳይሰበሰብ ከለከለ፤ ቼሮኪ በነጭ ላይ በፍርድ ቤት እንዳይመሰክር አደረገ። ከቤትህ ከብትህን ነድቶ የወሰደውን ሰው አይተህ ስሙን እንኳ ለዳኛ መናገር ካልቻልህ፣ ለአንተ ሕግ አለ ማለት አይቻልም።

ፕሬዚዳንት ጃክሰንም ጆርጂያን ደገፈ። ሕንዶች ሁሉ ከሚሲሲፒ ማዶ ወዳለው ምድር እንዲሄዱ የሚያደርግ ሕግ ለኮንግሬስ ቀረበ። ክርክሩ ብርቱ ነበር። ቴዎዶር ፍሬሊንግሃይሰን የሚባለው የኒው ጀርሲ እንደራሴ ሦስት ቀን በጠቅላላው ስድስት ሰዓት ያህል ተናገረ፤ መንግሥቱ ለሕንዶች የገባው ውል ይጠበቅ ብሎ ተሟገተ። ዴቪ ክሮኬት የቴኔሲ ሰውና እንደ ጃክሰን የድሃ ልጅ ሳለ፣ የመረጡት ሰዎች እንደሚቈጡ እያወቀ ሕጉን ተቃወመ። ድምፅ ያልነበራቸው ብዙ ሴቶችም አቤቱታ ጽፈው ላኩ። በመጨረሻው ሕጉ በእንደራሴዎች ምክር ቤት 102 ለ97 በሆነ ድምፅ አለፈ፤ ጃክሰንም በግንቦት 28 ቀን 1830 ፈረመበት። በሦስት ሰዎች ሐሳብ ነገሩ ሊለወጥ ይችል ነበር። በሕጉ ውስጥ ግን ሕንዶችን በግድ አስወጡ የሚል ቃል የለም፤ በውል ምድር በምድር ይለዋወጡ ይላል፤ የሚሰጣቸውም አዲስ ምድር ለዘላለም የእነርሱ እንዲሆን ቃል እንደሚገባላቸው ይናገራል።

በመጀመሪያ የተጓዙት የቾክቶ ሕዝብ ናቸው። በ1831 ዓመት በታኅሣሥ ወር ቶክቪል የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ በሜምፊስ ከተማ ሚሲሲፒን ሲሻገሩ አያቸው። ብርዱ ብርቱ ነበር፤ ከመካከላቸውም ቍስለኞች፣ ሕፃናትና ሊሞቱ የደረሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሰዎቹ ዝም ብለው ወደ ጀልባው ገቡ። ውሾቻቸው ግን በዳር መቅረታቸውን ባወቁ ጊዜ አብረው ጮኹ፤ በበረዶው ውኃም ገብተው ጀልባውን በዋና ተከተሉ ብሎ ጽፏል።

ቼሮኪዎች ግን ጦር አላነሡም፤ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። የጆርጂያ ግዛት በቼሮኪ አገር የሚኖር ነጭ ሁሉ ለግዛቱ ታማኝ ልሆን ብሎ ካልማለ አይቀመጥ የሚል ሕግ አውጥቶ ነበር። ሳሙኤል ዉስተር የሚባል ሚሲዮናዊ በኒው ኢኮታ ተቀምጦ መጽሐፍ በመተርጐምና በጋዜጣው ሥራ ሕዝቡን ይረዳ ነበር፤ ቼሮኪዎችም «መልእክተኛ» ብለው ይጠሩት ነበር። እርሱና ሌሎች አልምልም ስላሉ በ1831 ተይዘው የአራት ዓመት ከባድ ሥራ ተፈረደባቸው። ይቅርታ የተቀበሉት ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ዉስተርና ኤሊዛር በትለር የሚባለው ሐኪም ግን፣ ይቅርታ መቀበል ጥፋትን ማመን ነው ብለው እስር ቤት ገቡ።

ነገሩ ወደ አገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የዳኞች አለቃ ጆን ማርሻል በመጋቢት 1832 ፍርዱን አነበበ፤ የቼሮኪ ሕዝብ የራሱ ምድርና አስተዳደር ያለው ሕዝብ ነው፤ የጆርጂያ ሕግ በዚያ ምድር ላይ ኀይል የለውም አለ። በቼሮኪ አገር ታላቅ ደስታ ሆነ። ነገር ግን ደስታው ብዙ አልቈየም። ፍርድ ቤት ብዕር እንጂ ወታደር የለውም። ጆርጂያ ፍርዱን አልፈጽምም አለ፤ ፕሬዚዳንቱም እንዲፈጸም አላደረገም። ሁለቱ እስረኞች የተፈቱት በ1833 መጀመሪያ በጆርጂያ ገዢ ፈቃድ ነው። ጆርጂያም የቼሮኪን ምድር በቀያሽ አስለክቶ ለነጮች በዕጣ አከፋፈለ። ጆን ሮስ በ1835 ስለ ሕዝቡ ጉዳይ ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ሲመለስ፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ በዕጣ የደረሰው ሌላ ሰው ተቀምጦበት አገኘ። ያን ታላቅ ቤት ትቶ በቴኔሲ በትንሽ የግንድ ጎጆ ተቀመጠ።

በዚህ ጊዜ በሕዝቡ መካከል መለያየት ሆነ። ሜጀር ሪጅ የሚባል የተከበረ ሽማግሌ፣ ልጁ ጆን ሪጅና የጋዜጣው አዘጋጅ ቡዲኖት፣ «ሀብታችን ሁሉ ከማለቁ በፊት ዋጋ ተቀብለን ብንሄድ ይሻላል» አሉ። ሮስና አብዛኛው ሕዝብ ግን አንሄድም አሉ። እነ ሪጅ በታኅሣሥ 29 ቀን 1835 በኒው ኢኮታ በ5 ሚሊዮን ዶላር ምድሩን የሚያስረክብ ውል ፈረሙ። ያለ ሸንጎው ፈቃድ ምድር የሸጠ ይሙት የሚል ሕግ በአገራቸው እንደ ነበረ ያውቁ ነበር። ሮስ ከ15,000 በላይ ስም ያለበት የተቃውሞ አቤቱታ ወደ ዋሽንግተን ላከ፤ ሴኔት የሚባለው የላይኛው ምክር ቤት ግን በ1836 ውሉን ከሚያስፈልገው ቍጥር በአንድ ድምፅ ብቻ አሳልፎ አጸደቀው። ለመውጣት የሁለት ዓመት ጊዜ ተሰጠ።

ሕዝቡ አልወጣም፤ በቈሎውን ዘራ። በግንቦት 1838 ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት 7,000 ያህል ወታደር ይዞ መጣ። ወታደሮቹ ሰዉን ከማዕድ፣ ከእርሻና ከመንገድ እየያዙ በአጥር ወደ ተከበበ ሰፈር ነዱት። ብዙዎች ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም አልያዙም፤ ባለቤቱ ከደጅ እንደ ወጣም ዘራፊው ይገባ ነበር። በጋው እጅግ ደረቅ ነበር፤ በሰፈሩ ውስጥ ተቅማጥና ኩፍኝ ገባ፤ ከሁሉ በፊት ሕፃናትና ሽማግሌዎች አለቁ። ጆን ሮስም ጉዞውን ሕዝቡ ራሱ ይምራው ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለትም።

በ13 ክፍል ተከፍለው፣ እያንዳንዱም ክፍል ወደ ሺህ የሚጠጋ ሰው ሆኖ፣ አብዛኛው ክፍል በመከር ወራት መንገድ ጀመረ። ጋሪው ለሕመምተኞችና ለሥንቅ ስለ ነበረ አብዛኛው ሰው በእግሩ ሄደ። ባሮቻቸውም፣ የራሳቸው ያልሆነ ርስት ስለ ጠፋ፣ አብረው ተነዱ። ቴኔሲን፣ ኬንታኪን፣ ኢሊኖይን፣ ሚዙሪን አቋርጠው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ። በኢሊኖይ ደቡብ ሲደርሱ ክረምቱ ያዛቸው፤ ሚሲሲፒ በበረዶ ግግር ስለ ሞላ ጀልባ መሻገር አልቻለም፤ ብዙ ሰዎች በወንዙ ዳር በብርድ ሳምንታት ቈዩ። የሞተውን በመንገድ ዳር እየቀበሩ አለፉ። የሮስ ሚስትም በየካቲት 1839 በመንገድ ሞተች። የመጨረሻው ክፍል በመጋቢት 1839 ደረሰ። ከአገራቸው ከተነዱት ከ16,000 ያህል ሰዎች፣ በሰፈሩና በመንገዱ 4,000 ያህል እንደ ሞቱ ይገመታል። ይህም ጉዞ «የእንባ መንገድ» ተባለ። በሰሜን ካሮላይና ተራራ የተሸሸጉ ጥቂቶች ግን በአገራቸው ቀሩ፤ ዘሮቻቸው እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

በአዲሱም አገር ሰላም ወዲያው አልመጣም። በሰኔ 1839 ውሉን የፈረሙት ሜጀር ሪጅ፣ ልጁና ቡዲኖት በአንድ ቀን ተገደሉ። ቡዲኖት ለአንድ ሕመምተኛ መድኀኒት ፈልግልን ብለው በጠሩት ሰዎች እጅ ወደቀ። ቀድሞ ወደ ምዕራብ በሄዱትና አሁን በደረሱት መካከልም ማን ይግዛ የሚል ክርክር ተነሣ። አስቀድሞ በዚያ የሰፈረው ሴኮያ፣ ሸምግሎ ሳለ፣ ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ደከመ፤ በዚያውም ዓመት አንድ እንሁን የሚል ውል ተጻፈ፤ በታለኳ ከተማም አዲስ ሕገ መንግሥት አቆሙ። በ1841 በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ወሰኑ። ዉስተርም ከእነርሱ ቀድሞ ወደ ምዕራብ ሄዶ ማተሚያ በዚያ ተክሎ ነበር።

ሴኮያ ወደ ሜክሲኮ የፈለሱ የቼሮኪ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቶ እነርሱን ፍለጋ ሄደ፤ በ1843 በዚያው ሞተ። የፊኒክስን ማተሚያ የጆርጂያ ወታደሮች በ1835 ወስደውት ነበር። ሴኮያ በሞተ በሚከተለው ዓመት ግን፣ በ1844 ዓመት በመስከረም ወር፣ «ቼሮኪ አድቮኬት» የሚባል ሌላ ጋዜጣ በታለኳ ታትሞ ወጣ፤ አንዱ ዐምድ በእንግሊዝኛ፣ አንዱም በ85ቱ ፊደል ተጽፎ ነበር።